ያገለገሉ የግል ዕቃዎች የኢንተርኔት ሽያጭ ግብር (እስራኤል)

ያገለገሉ የግል ዕቃዎች የኢንተርኔት ሽያጭ ግብር በእስራኤል አንድ ግለሰብ የተገለገለበትን ዕቃ እንደ «ያድ ሽታይም» ባሉ ድረ ገጾች ወይም በፌስቡክ ሲሸጥ ገቢውን የማሳወቅ ግዴታ ያለበት መቼ እንደሆነ የሚለይ የሕግ ደንብ ነው። መሠረቱ የ1961 እ.ኤ.አ. የገቢ ግብር ድንጋጌ ነው።

የድንጋጌው አንቀጽ 88 ግለሰቡ ለራሱ፣ ለቤተሰቡ ወይም ለጥገኞቹ የግል አገልግሎት የያዛቸውን ተንቀሳቃሽ ዕቃዎች የካፒታል ትርፍ ግብር ከሚመለከታቸው ንብረቶች ያወጣል። ስለዚህ ለምሳሌ ሶፋውን ወይም ማቀዝቀዣውን የሚሸጥ የፔታህ ቲክቫ ከተማ ነዋሪ፣ ከገዛበት ዋጋ በላይ ቢያገኝ እንኳ፣ ይህ ግብር አይጠየቅበትም።

አትርፎ ለመሸጥ የሚገዛ ሰው ግን በአንቀጽ 2(1) ሥር ይወድቃል፤ የንግድ ጠባይ ካለው፣ አልፎ አልፎ የሚደረግ ግብይትም ግብር ያስከፍላል። ፍርድ ቤቶች የሽያጩን ድግግሞሽ፣ ዕቃው በሻጩ እጅ የቆየበትን ጊዜ፣ የግዢውን የገንዘብ ምንጭና የሻጩን ዕውቀት በአንድነት ይመዝናሉ።

ነጋዴ የሆነ ሻጭ በገቢ ግብርና በተጨማሪ እሴት ታክስ (ማዓም) መሥሪያ ቤቶች ፋይል ይከፍታል፤ ለፔታህ ቲክቫ የገቢ ግብር ጉዳይ የከተማዋ ፓኪድ ሹማ (የግብር ገማች ሹም) አለ። ዓመታዊ ሽያጩ ከተወሰነው ጣሪያ (በ2025 120,000 ሼክል ነበር) ያልበለጠ ሻጭ «ኦሴክ ፓቱር» (ከማዓም ነፃ ነጋዴ) ሆኖ መመዝገብ ይችላል፤ ማዓም አይሰበስብም፣ የዓመቱን ሽያጭ ግን እስከ ቀጣዩ ጃንዋሪ 31 ያሳውቃል። ብዙ ጊዜ ቢምታታም፣ ይህ ነፃነት የገቢ ግብርን አይመለከትም። ከጣሪያው ያለፈ ሻጭ «ኦሴክ ሙርሼ» (ማዓም የሚሰበስብ ነጋዴ) ይሆናል፤ የማዓም መደበኛ ምጣኔ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ 18 በመቶ ነው።