ዜና ሙሴ ጉተርዝ፤ ከሞንፔሊዬ እስከ ላስ ጌል

የዚህ ዜና ባለቤት ሙሴ ግዛቪዬ ጉተርዝ ይባላሉ። ሀገራቸው ፈረንሳይ፣ ሥራቸው ምድር ቆፍሮ የቀደሙትን ሰዎች አኗኗር መመርመር፣ ወንበራቸውም በሞንፔሊዬ ከተማ በፖል ቫሌሪ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ በዚያ ከታሪክ በፊት ያለውን ዘመን ያስተምሩ ነበር። በጎልማስነታቸው የደከሙት በገዛ አገራቸው ደቡብ፣ ፎንቡዊስ ስለሚባል የጥንት ሕዝብ ባህል ነው። ያ ሕዝብ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ሺህ ዓመት በሞንፔሊዬና በኒም ዙሪያ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደርቦ ቤት የሚሠራ፣ በግ የሚያረባ፣ መዳብ ማቅለጥ የጀመረ ነበር። መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1975 ወጣ። ከዚያ ወዲያ ልባቸው ወደ ባሕር ማዶ አዘነበለ፤ ከብት ማርባት በቀይ ባሕር ወዲህ ባለው ምድር መቼና እንዴት ጀመረ የሚለው ጥያቄ ያዛቸው።

ከእርሳቸው በፊት በዚህ በእኛ በአፍሪካ ቀንድ የተመላለሱ ፈረንሳውያን ጥቂት አልነበሩም። አባ ብሩይ የተባሉት የሥዕል ዋሻ ሊቅ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1933 ድሬዳዋ መጥተው የፖርክ ኤፒክን ዋሻ ቆፍረዋል፤ በሐረርጌም የሱሬን የአለት ሥዕል አይተው በማግሥቱ ዓመት ጽፈዋል። ሙሴ ፍራንሲስ አንፍሬ መጠራን፣ የሓን፣ አክሱምን ቆፈሩ፤ በሲዳሞ ሸለቆ በአለት ላይ የተቀረጹትን የሸጴን ላሞችም ለዓለም አሳወቁ። ሙሴ ሮዤ ዡሶም ደግሞ የሐረርጌን ጥንታዊ መቃብሮችና የጢያን ትክል ድንጋዮች መረመሩ። ሙሴ ጉተርዝ ከዚህ ከመጨረሻው ጋር ወደ ጂቡቲ ወርደው፣ አሳ ኮማ በሚባል ኮረብታ፣ አዋሽ ውኃው በሚያልቅበት በአቤ ሐይቅ አካባቢ ሠሩ። በዚያ የኖሩት ሰዎች አምባዛ አጥማጆች ነበሩ፤ ከብትም ጥቂት ነበራቸው። ጥቂት ግን ለሙሴ ጉተርዝ አልበቃም። የከብቱን መምጣት ከሥሩ የሚያሳይ፣ ንብርብሩ ያልተነካ ዋሻ ፈለጉ። ፍለጋውም ወደ ሐርጌሳ አመጣቸው።

በዚያን ጊዜ ሐርጌሳ ከፍርስራሽዋ የተነሣች ከተማ ነበረች። በ1980 ዓ.ም. የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከገዛ ከተማዋ ማረፊያ እየተነሡ ከተማዋን ደብድበዋታል። ሕዝቧም ድንበር ተሻግሮ በእኛ ምድር በኢትዮጵያ፣ በሐርቲሼክ ሰፍሮ ነበር። ከወደቁት ሚግ አውሮፕላኖች አንዱ ዛሬም በከተማዋ መካከል በሐውልት ላይ ተሰቅሏል። ግንቦት 10 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ በእኛ ሀገር ደርግ ሊወድቅ ዐሥር ቀን ሲቀረው፣ ሶማሌላንድ ከሞቃዲሾ መለየቷን ዐወጀች። ዓለም ግን በዚያን ጊዜ ዐዋጇን አልተቀበለም፤ ዕውቅና የሚሰጣት መንግሥት ጠፋ። ሚያዝያ 25 ቀን 1994 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት መሐመድ ኢብራሂም ኤጋል በደቡብ አፍሪካ ዐረፉ፤ ዳሂር ራያሌ ካሂን በወንበራቸው ተተኩ። እንዲህ ባለ ጊዜ የዋሻ ቆፋሪ ወደ ሐርጌሳ ለመምጣት ድፍረት ያስፈልገዋል። ድፍረት ስል ጥይቱን ማለቴ አይደለም፤ ከተማዋ ሰላም ነበረች። የሚከብደው ዓለም በማያውቃት አገር ተቆፍሮ የተገኘ ነገር የማን እንደሚባል አለማወቁ ነው።

በ1995 ዓ.ም.፣ ፈረንጆች ኖቬምበር 2002 በሚሉት ወር፣ ሙሴ ጉተርዝ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ከሐርጌሳ ወጡ። ከእነርሱም መካከል ሙሴ ዣን ፖል ክሮ፣ የእንስሳትን አጥንት ለይተው የሚያውቁት ማድሞዜል ዦዜፊን ለሱርም ነበሩ። መንገዳቸው በሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ በርበራ ወደብ በሚወርደው አስፋልት ነው። ከሐርጌሳ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው፣ ከአስፋልቱ ወጥተው፣ ሁለት ደረቅ ወንዞች ከሚገናኙበት ደረሱ። በግራር መካከል የቆመ ብዙ የዋሻ ጥጎች ያሉት የአለት ኮረብታ አዩ። ስሙ ላስ ጌል ነው።

የፈለጉት አፈር ነበር፤ ዐመድ፣ አጥንት፣ የድንጋይ ስለት። ቀና ሲሉ ግን የጥጉ ጣራ ላም ሞልቶበት ነበር።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። ላሞቹ በጎናቸው ቆመው የተሣሉ ናቸው፤ ቀንዳቸው ግን ከፊት እንደሚታይ ሆኖ እንደ በገና ክንዶች ወደ ላይ ይከፈታል። ሻኛ የላቸውም። አንገታቸው ከልክ በላይ ሰፊ ነው፤ በነጭና በቀይ መስመር እየተሸነሸነ የክብር ልብስ የለበሰ ይመስላል። ራሳቸው ትንሽ፣ ግታቸው ሙሉ ነው። በአንገቱ ሥር ወይም ከኋላ ትንሽ ሰው ክንዱን ዘርግቶ ይቆማል፤ አንዳንዱም ነጭ እጀ ጠባብ የመሰለ ለብሷል። ውሻም አብሮት አለ። በአንድ ወገን ደግሞ ቀጭኔ ይታያል። ቀለሙ ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቡናማም ነው፤ ፀሐይና ዝናብ ካልደረሰበት ቦታ ትናንት የተቀባ ይመስላል። ሠዓሊዎቹ ሰውን አሳንሰው ላምን ያገነኑበት ምክንያት ለሀገሬው እረኛ ጥያቄ አይሆንበትም። በአለት ላይ የተደረደረውን ሥዕል ሁሉ ያየ ሰው የምስጋና ዜማ የተጻፈበት ብራና ቢለው፣ እኔ አልቃወመውም።

ጋዜጦች ሙሴ ጉተርዝ ላስ ጌልን አገኙ ብለው ጻፉ። ነገሩ እውነትም ሐሰትም አለው። በአካባቢው ግመል የሚያጠጡ ዘላኖች ሥዕሎቹን ከአባቶቻቸው ጀምሮ ያውቁ ነበር፤ ቦታው የርኩሳን መናፍስት መኖሪያ ነው እያሉ ይሸሹት እንደነበርም ይነገራል። ፍርሃታቸው ሥዕሉን ከጭስና ከእጅ ጠብቆታል ብንል ስሕተት አይሆንም፤ አጥር ያልነበረውን ዋሻ ከዚህ የተሻለ ዘበኛ ባልጠበቀው ነበር። የሙሴ ጉተርዝ ድርሻ ሌላ ነው፦ ያዩትን ለክተው፣ ገልብጠው፣ በእንግሊዝኛ የሊቃውንት መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2003 አሳተሙት። ከዚያ ወዲህ ሐርጌሳ የምትታወቅበት ነገር ጦርነቷ ብቻ መሆኑ ቀረ። ወደ ላስ ጌል የሚሄድ እንግዳም ከሀገሩ ሚኒስቴር ፈቃድ ይቀበል፣ ወታደርም ያጅበው ነበር።

ወደ ጥንተ ነገራችን እንመለስ። በ1996 ዓ.ም. ሙሴ ጉተርዝ ሥዕሎቹን በጥሞና ለማጥናት ተጨማሪ ባለሙያዎች ይዘው ተመለሱ። ዐሥር ያህል የሥዕል ጥጎች ነበሩና አንድ በአንድ ተገለበጡ። የዕድሜው ነገር ግን ብዙ አከራከረ። ጋዜጣ ሲጽፍ እስከ 10 ሺህ ዓመት ያደረሰው ነበር፤ ሙሴ ጉተርዝ ግን ቁጥሩን ለማግነን አልቸኮሉም። ከብት በቀንዱ ምድር መቼ ታየ በሚለው ላይ ተመርኩዘው ከ5,000 ዓመት ገደማ አላለፉም። የቀለሙን ዕድሜ በቀጥታ መለካት ባይቻልም፣ በሥሩ ያለውን አፈር ዕድሜ መለካት ይቻላልና ቆፈሩ።

በ7ኛው ጥግ ቁፋሮው ወደ ታች በገባ ጊዜ፣ ሥዕሉን ከሣሉት እረኞች እጅግ የቀደሙ ሰዎች ሥራ ወጣ። ይህን ሥራ ለማወቅ ወደ እንግሊዛዊው ዴዝመንድ ክላርክ መመለስ ግድ ነው። እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1954 ስለ ቀንዱ ምድር በጻፉት መጽሐፍ፣ ቀጫጭን የድንጋይ ምላጭ የሚሠሩ የጥንት ሰዎችን ጥበብ ከከተማይቱ ስም ወስደው «ሐርጌሳዊ» ብለው ሰይመውት ነበር። ከዚያ በኋላ ስሙ በመጽሐፍ ቀረ፤ ብዙዎችም ነገሩን ተጠራጠሩ። ሙሴ ጉተርዝና ባልንጀሮቻቸው፣ በእኛ ሀገር የሠሩት ፍራንሷ ቦን ሳይቀሩ፣ የ7ኛውን ጥግ ድንጋዮች በሚገባ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2014 ሐርጌሳዊውን እንደገና ለፍርድ አቀረቡት። ሥዕሉ ዓለምን ሲያስደንቅ ከሥሩ ያለው የተሰበረ ድንጋይ ከሊቃውንት በቀር ማንም አልጠየቀውም። እንደ እኔ ግን የሙሴ ጉተርዝ ትልቁ ትዕግሥት የታየው በዚያ ነው።

ስለ ሥዕሎቹ ያዘጋጁት ትልቁ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2010 ወጣ። ወደ ጂቡቲም ተመልሰው ዋክሪታ የሚባለውን የጥንት ሰፈር መረመሩ፤ እርሱም በአቤ ሐይቅ አካባቢ ያለ፣ ዓሣ ማጥመድና ከብት ማርባት አብረው የተካሄዱበት ነው። ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ።

ከሙሴ ጉተርዝና ከባልንጀሮቻቸው ቀጥሎ የመጣችው የሀገሩ ልጅ ሳዳ ሚሬ ናት። በ1983 ዓ.ም. ከሞቃዲሾ ጦርነት በልጅነቷ ሸሽታ በስዊድን አደገች፤ የከርሰ ምድር ጥናት ተምራ ወደ ሐርጌሳ ተመለሰች፤ የቅርስ ጉዳይ መሥሪያ ቤትንም መራች። እ.ኤ.አ. በ2007 ዳምባሊን በሚባል ቦታ በአለት ላይ የተሣሉ በጎችን አግኝታ በማግሥቱ ዓመት አሳተመች። ሙሴ ጉተርዝ ከላም ጀምረው ነበር፤ በጉን የጨመረችው እርሷ ናት።