ከመማሪያ ክፍል የወጣ መዝሙር

የነፃነትና የተቃውሞ መዝሙሮች በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ይሰጡ ወይስ አይሰጡ የሚለው ክርክር ሲነሣ፣ መዝሙሩ በአደባባይ ተወልዶ ኋላ ወደ ሕፃናቱ ክፍል እንደሚገባ ተደርጎ ይታሰባል። የደቡብ አፍሪካ ታሪክ ግን የነገሩን ሌላ ገጽታ ያሳያል። ከአንድ አገር አልፎ የብዙ አፍሪካውያን የትግል መዝሙር ለመሆን የበቃው «ንኮሲ ሲኬሌሊ አፍሪካ»፣ ማለትም «አምላክ አፍሪካን ይባርክ»፣ በመጀመሪያ የተዘመረው በትምህርት ቤት ልጆች አንደበት ነበር።

ደራሲው ኢኖክ ሶንቶንጋ ይባላል። ትውልዱ ከኮሳ ሕዝብ ሲሆን፣ በላቭዴል ተቋም ከሠለጠነ በኋላ በጆሐንስበርግ አጠገብ በናንስፊልድ በነበረ የሜቶዲስት ሚስዮን ትምህርት ቤት መምህርና የመዘምራን መሪ ሆኖ ይሠራ ነበር። የመዝሙሩን የመጀመሪያ አንቀጽና አዝማቹን የደረሰው በ1897 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ዘመኑ ከዐድዋ ድል አንድ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ከዚያም በፊት፣ በ1892፣ ማንጌና ሞኮኔ የተባሉ ጥቁር ቄስ በፕሪቶሪያ ከሜቶዲስቶች ተለይተው «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» የሚል ስም የሰጡትን ማኅበር አቋቁመው ነበር። ሶንቶንጋም የሚተነፍሰው አየር ይኸው ነበር። ጸሎቱም አንድን ነገድ ሳይለይ ለመላው አፍሪካ በረከት የሚለምን ነው።

ለመዝሙሩ መስፋፋት ትልቁን ድርሻ ያበረከተው የማስተማሪያው ዘዴ ይመስላል። ሶንቶንጋ ዜማዎቹን የሚጽፈው «ቶኒክ ሶልፋ» በሚባለው ሥርዓት ነበር። ይህን ሥርዓት እንግሊዛዊቷ መምህርት ሳራ ግላቨር ጀምረውት ጆን ከርዌን በ19ኛው መቶ ዓመት አሻሽለው አስፋፍተውታል። ዜማን በፊደል መጻፍ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የያሬዳዊ ዜማ ምልክቶችም ከፊደል የተወሰዱ አሉ። አሠራሩ ግን ሌላ ነው። በሶልፋ የእያንዳንዱ ድምፅ ከፍታ የሚለካው «ዶ» ከተባለው መነሻ ባለው ርቀት ነው። ስለዚህ መምህሩ መነሻውን ለልጆቹ ጉሮሮ እንዲስማማ ከፍ ወይም ዝቅ ቢያደርገው፣ የተጻፈው ፊደል አንድም ሳይለወጥ ያገለግላል። መሐንዲስ ከመሬቱ ከፍታ ላይ አንድ የመነሻ ነጥብ መርጦ ሌላውን ሁሉ ከዚያ እንደሚለካ ማለት ነው። ምቱን ነጥቦችና ሰረዞች ያመለክታሉ። አምስቱ መስመሮችም ሆኑ ልዩ የማተሚያ ፊደል አያስፈልጉም፤ ተራ ማተሚያ፣ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ይበቃሉ። ፒያኖ የሌለው ድኻ ትምህርት ቤት፣ የድምፆቹን ፊደላት ከታች ወደ ላይ የደረደረ ሰሌዳ በግድግዳው ላይ ሰቅሎ፣ መምህሩ በዘንግ እየጠቆመ አርባ ልጆችን በአራት ድምፅ ማዘመር ይችላል። የዚህም ዘዴ ድክመት አለው፤ መነሻው በዜማው መካከል ሲቀየር አጻጻፉም አዘማመሩም ይወሳሰባል። የሶንቶንጋ ዜማ ግን ከአንድ መነሻ የማይወጣ፣ ኅብረ ድምፁም ቀላልና ተደጋጋሚ ነው። አንዳንድ የሙዚቃ ሊቃውንት ድህነት አድርገው ቢቆጥሩበትም፣ ለሕፃናት ለሚሠራ ሰው ይህ ዕውቀት እንጂ ጉድለት አይደለም።

መዝሙሩ በሕዝብ ፊት በ1899 በአንድ ቄስ የሹመት ሥነ ሥርዓት ላይ ተሰማ። ሶንቶንጋ በ1905 በወጣትነቱ ሞተ። ዜማው ግን በሌሎች የመዘምራን መሪዎች እጅ ገብቶ ነበር። ከእነርሱም ዋነኛው ጆን ዱቤ በናታል ያቋቋሙት የኦህላንጌ ትምህርት ቤት የመዘምራን ቡድን ነው። ጥር 8 ቀን 1912 በብሉምፎንቴን፣ በኋላ የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግሬስ የተባለው ድርጅት ሲመሠረት፣ ከመዝጊያው ጸሎት ቀጥሎ ይኸው መዝሙር ተዘመረ፤ ዱቤም በሌሉበት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ሶሎሞን ፕላቺ በ1923 ለንደን ውስጥ በሸክላ አስቀረጹት፤ ባለቅኔው ሳሙኤል ምቃዪም ተጨማሪ ሰባት አንቀጾች ጻፉለት።

የአፓርታይድ መንግሥት ሥልጣን ከያዘ በኋላ የትግሉ አንዱ ግንባር የአንደኛ ደረጃው ክፍል ሆነ። በ1953 የወጣው የባንቱ ትምህርት ሕግ የሚስዮን ትምህርት ቤቶችን ከመንግሥት እጅ አስገባ። የሕጉ መሐንዲስ የነበረው ሄንድሪክ ፈርቩርት፣ ጥቁር ሕፃን ሊሠራበት የማይፈቀድለትን የሒሳብ ትምህርት መማሩ ምን ይጠቅመዋል ብሎ እስከ መጠየቅ ደርሷል። («መሐንዲስ» የሚለው ቃል ለእንዲህ ያለው ሥራ መዋሉ ለሞያው የሚያኮራ አይደለም።) በ1955 ኮንግሬሱ የትምህርት ቤት አድማ ጠራ። አድማው በአገሩ ሁሉ ባይያዝም፣ በተለይ ከጆሐንስበርግ በስተምሥራቅ ባሉት ከተሞች በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ከክፍላቸው ወጡ፤ ብዙዎቹም እንዳይመለሱ ተከለከሉ።

ለእነዚህ ልጆች «የባህል ክበብ» የተባለ ነገር ተቋቋመ። ያልተመዘገበ ትምህርት ቤት መክፈት ወንጀል ስለነበር፣ በክበቡ ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔም ሆነ የመማሪያ መጽሐፍ እንዳይገኝ ይጠነቀቁ ነበር፤ ፖሊሶችም ይህንኑ ፍለጋ ይመጡ ነበር። ስለዚህ ሒሳቡም፣ ታሪኩም፣ ጂኦግራፊውም በመዝሙር፣ በተረትና በጨዋታ መሰጠት ነበረበት። ክበቦቹ በገንዘብና በመምህር እጦት ተዳክመው ለብዙ ዓመታት አልቆዩም። ሆኖም መዝሙርን ለሕፃናት ማስተማር ምን ያህል ክብደት ሊኖረው እንደሚችል የእነርሱን ያህል የሚመሰክር አይገኝም። ዜማ ፈታሽ የማያገኘው ደብተር ነበር።

መዝሙር ግን ታማኝ አገልጋይ ብቻ አይደለም፤ ለማንም ይታዘዛል። በ1976 አፓርታይድ ራሱ «ነፃ አገር» ብሎ ያቋቋመው ትራንስካይ ይህንኑ የሶንቶንጋን ዜማ ብሔራዊ መዝሙሩ አድርጎት ነበር። በዚያው ዓመት፣ ሰኔ 16 ቀን፣ የሶዌቶ ተማሪዎች ሒሳብንና የኅብረተሰብ ትምህርትን በአፍሪካንስ ቋንቋ አንማርም ብለው አደባባይ ወጡ። እነርሱም የዘመሩት ይኸንኑ መዝሙር ነው። ፖሊስ ተኮሰ፤ ከሞቱት መካከል ሄክተር ፒተርሰን 12 ዓመቱ ነበር። አንድ ዜማ በአንድ ዓመት ውስጥ ለሁለቱም ወገን ሲዘመር ያየ ሰው፣ የመዝሙሩን ትርጉም የሚወስነው በአፍ የያዘው ሁኔታ መሆኑን አይስተውም።

ሚያዝያ 27 ቀን 1994 ኔልሰን ማንዴላ ድምፃቸውን የሰጡት በዚያው በኦህላንጌ ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ዓመት ሁለት ብሔራዊ መዝሙሮች ጎን ለጎን ጸደቁ፤ አንዱ የሶንቶንጋ ሲሆን ሌላው ላንገንሆቨን በ1918 በአፍሪካንስ የገጠመው የነጮቹ መንግሥት መዝሙር ነበር። ሁለቱን በሙሉ መዘመር ጊዜ ስለሚፈጅ በ1997 አሳጥረው አጋጠሟቸው። በመስከረም 1996 ደግሞ የሶንቶንጋ መቃብር ብሔራዊ ሐውልት ሆኖ ታወጀ። መቃብሩ ለብዙ ዘመን ጠፍቶ የቆየው በመዝገቡ ላይ የሰፈረው «ኢኖክ» በሚለው የመጀመሪያ ስሙ ስለነበረ ነው።

የተጋጠመው መዝሙር ለሙዚቃ መምህር ቀላል ሸክም አይደለም። ቋንቋው አምስት ነው፤ ኮሳ፣ ዙሉ፣ ሶቶ፣ አፍሪካንስና እንግሊዝኛ። ከዚህም በላይ በአንድ መነሻ ጀምሮ በሌላ መነሻ ስለሚጨርስ፣ ሶልፋ በጣም የሚቸገርበት ያ የመነሻ መቀየር በመካከሉ ይመጣል። መቀየሪያው የሚያርፈው ደግሞ የአፍሪካንሱ አንቀጽ በሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። ይህ አንቀጽ እንዲወጣ የሚጠይቁ ፓርቲዎች አሉ። አያቶቻቸው በ1976 በግድ አንማርበትም ያሉትን ቋንቋ የሶዌቶ ልጆች ዛሬ በዜማ ይማሩታል፤ መምህሩም ድምፁን ካስተካከለላቸው በኋላ፣ ይህ አንቀጽ ከየት መጣ ብለው ሲጠይቁት የሚመልሰውን ማዘጋጀት አለበት።