የሚናገሩ ዛፎች፦ ከናይሮቢ መናፈሻዎች የተገኘ የታሪክ ትምህርት

ታሪክ የምናስተምር መምህራን ማስረጃ ስንፈልግ ዐይናችን ቶሎ የሚያርፈው በመጽሐፍ፣ በሐውልትና በፍርስራሽ ላይ ነው። ዛፍን ከማስረጃ የሚቆጥረው ጥቂት ሰው ነው። ይሁን እንጂ መቼ፣ በማንና ስለምን እንደተተከለ የሚታወቅ ዛፍ ራሱን የቻለ የታሪክ ሰነድ ነው። ለዚህም በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ መናፈሻዎች ስንዘዋወር የተመለከትነውን በምሳሌነት እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

በመጀመሪያ የምናነሣው «ኡሁሩ ጋርደንስ» የተባለውን ሥፍራ ነው። «ኡሁሩ» በስዋሂሊ ቋንቋ ነፃነት ማለት ነው። ዲሴምበር 12 ቀን 1963 በእኩለ ሌሊት የእንግሊዝ ሰንደቅ ዓላማ ወርዶ የኬንያ ሰንደቅ ዓላማ የተሰቀለው እዚህ ሲሆን፣ ለዚሁ መታሰቢያ ሙጉሞ የሚባል ዛፍ ተተክሎበታል። ሙጉሞ የሾላና የዋርካ ዘመድ ነው። የኪኩዩ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ በሥሩ ይጸልይና መሥዋዕት ያቀርብ ስለነበር፣ የዛፉን ትርጉም ለአገሬው ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በዋርካ ጥላ ሥር ሸንጎ ለሚቀመጥ ሕዝብም ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ሁለተኛው በ1969 የተከፈተው ኡሁሩ ፓርክ ነው። በዚህ መናፈሻና በአካባቢው ሁለት ዓይነት መታሰቢያ ይታያል። አንደኛው የፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ 10ኛ የሥልጣን ዓመት ሲከበር በ1988 የቆመው የድንጋይ ሐውልት ነው። ሌላው «የነፃነት ማዕዘን» የሚባለው የመናፈሻው ጥግ ነው። በ1989 በመናፈሻው ላይ ባለ 60 ፎቅ ሕንፃ ለመሥራት ሲታቀድ፣ ፕሮፌሰር ዋንጋሪ ማታይ ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ እየጻፉ ተቃወሙ። ብዙ ዘለፋ ቢደርስባቸውም በመጨረሻ ዕቅዱ ቀረ። በ1992 ደግሞ የፖለቲካ እስረኞች እናቶች ልጆቻችን ይፈቱልን ብለው በዚሁ ጥግ የረሃብ አድማ አደረጉ። ፖሊስ ደብድቦ በተናቸው። እነርሱ ግን ወደ አንድ ቤተ ክርስቲያን ገብተው ትግሉን ቀጠሉ፤ በ1993 ከእስረኞቹ አብዛኞቹ ተፈቱ። በ2006 ያን ጊዜ የአሜሪካ ሴናተር የነበሩት ባራክ ኦባማ ከፕሮፌሰሯ ጋር ሆነው በዚሁ መናፈሻ ወይራ ተክለዋል።

ሦስተኛውና ለእኛ ከሁሉ የሚልቀው የካሙኩንጂ ታሪክ ነው። ጁን 5 ቀን 1977 ዋንጋሪ ማታይና የኬንያ ሴቶች ብሔራዊ ምክር ቤት አባላት ሰልፍ አድርገው ወደ ካሙኩንጂ ሄዱና ሰባት ዛፎች ተከሉ። እያንዳንዱ ዛፍ ለአንድ የታሪክ ሰው መታሰቢያ ነበር። ከሰባቱ መካከል እንግሊዞችን የተቃወመው ዋያኪ ዋ ሂንጋ፣ እንዲሁም በ1913 የጊሪያማን ሕዝብ ለዐመፅ ያነሣሣችው ሜካቲሊሊ ዋ ሜንዛ ይገኛሉ። ሰባቱ ከልዩ ልዩ ብሔረሰቦች የተመረጡ በመሆናቸው፣ አንድ ረድፍ ዛፍ የአንድ አገር ምሳሌ ሆነ። ኋላ በሚሊዮን የሚቆጠር ዛፍ ለተከለው የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄ መነሻውም ይኸው ነው። ፕሮፌሰሯ በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀብለዋል።

ነገር ግን ከሰባቱ ዛፎች አምስቱ ደረቁ። ፕሮፌሰሯ የሕይወት ታሪካቸውን በጻፉበት ጊዜ ቆመው የነበሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ከሁለቱ አንዱ በአገራችን ዋንዛ የምንለው ዛፍ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን? ድንጋይ አንድ ጊዜ ከቆመ ማንም ባያስታውሰው ይቆማል፤ ስለዚህ የድንጋይ መቆም የሕዝብን ፍቅር አያረጋግጥም። ዛፍ ግን ውኃ የሚያጠጣው፣ ከከብት የሚጠብቀው ሰው ይሻል። መታሰቢያ ዛፍ ለምልሞ ከተገኘ አንድ ሰው አስታውሶታል ማለት ነው። ከደረቀም መድረቁ ራሱ ማስረጃ ነው። በሌላ በኩል ዛፍ የተከለውን ታላቅ ሰው ስም ሲያስጠራ፣ ለዓመታት ውኃ የተሸከመለትን ሰው ስም አያስጠራም። ይህን ጠይቆ ማግኘት የታሪክ ተማሪ ፈንታ ነው።

በየትምህርት ቤታችን ግቢ በበዓልና በክብር እንግዳ ጉብኝት ቀን የተተከሉ ዛፎች አሉ። የተከላው ፎቶግራፍ በቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሳለ ችግኙ የት እንደደረሰ የማይታወቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለሆነም መምህራን ተማሪዎቻቸውን በቡድን ከፍለው የግቢውን ዛፎች ታሪክ እንዲያጠኑ ቢያደርጉ መልካም ነው። ማን ተከለው? መቼና ለምን? ማን ተንከባከበው? ለዚህ ጥያቄ መልሱን ይዘው የሚገኙት ብዙውን ጊዜ አሮጌው ዘበኛ፣ አትክልተኛውና የሠፈሩ ሽማግሌዎች ናቸው። እነርሱ በሕይወት ሳሉ ቃላቸው በደብተር ይስፈር። ዛፉ ቆሞ ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ከጠፋ፣ የሚቀረን ጥላው ብቻ ነውና።