አንደርራይቲንግ፦ የመድን ስጋት ምዘና እና የአእምሮ ሕመም ታሪክ

አንደርራይቲንግ አንድ የመድን ድርጅት ሽፋን ከመስጠቱ በፊት የጠያቂውን ስጋት የሚመዝንበት ሥራ ነው። ድርጅቱ ጥያቄውን ይቀበል ወይስ አይቀበል፣ ከተቀበለስ በስንት አረቦንና በምን ቅድመ ሁኔታ የሚለው የሚወሰነው በዚህ ደረጃ ነው። በአማርኛ «የመድን ስጋት ምዘና» ቢባል ሥራውን በትክክል ይገልጸዋል፤ በዚህ ጽሑፍም ባጭሩ «የስጋት ምዘና» ወይም «ምዘና» ይባላል። የእንግሊዝኛው ስያሜ የመጣው ከለንደን የባሕር ንግድ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በኤድዋርድ ሎይድ ቡና ቤት የሚሰበሰቡ ባለገንዘቦች፣ መርከቡ ቢሰምጥ የኪሳራውን ድርሻ እንደሚሸከሙ ለማረጋገጥ በውሉ ግርጌ ስማቸውን ይጽፉ ነበር። ከመፈረማቸው በፊት ስለ መርከቡ ዕድሜ፣ ስለ ካፒቴኑና ስለ ወቅቱ መጠየቃቸው አይቀርም ነበር፤ የዛሬው ምዘናም ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል።

በሕይወት መድን የሚመዘነው የሰው ዕድሜ ነው። ስለዚህ የጤና ታሪክ የምዘናው እምብርት ይሆናል። የደም ግፊት በመሣሪያ ይለካል፤ የስኳር መጠንም በደም ምርመራ ይታወቃል። የአእምሮ ሕመም ግን እንዲህ በቁጥር አይወጣም፤ መዛኙ የሚደገፈው ጠያቂው በሰጠው መልስና ሐኪሙ በጻፈው ማስረጃ ላይ ነው። ምዘናው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተውም በዚህ ቦታ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከመጠየቂያ ቅጹ ነው። በመድን ሰዎች ዘንድ ፕሮፖዛል ፎርም የሚባለው ይህ ቅጽ ስለ ዕድሜ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ሲጋራና መጠጥ፣ ስለ ወላጆችና ወንድም እህት ጤና፣ ከዚህ በፊት ስለ ነበረ ሕመምና ሆስፒታል መተኛት ይጠይቃል። የተጠየቀው የመድን ገንዘብ ከፍ ያለ ከሆነ ወይም ዕድሜው ከገፋ የሐኪም ምርመራ ይታከላል። የአእምሮ ጤና አብዛኛውን ጊዜ ከሚጥል በሽታና ከነርቭ ሕመም ጋር ተደባልቆ በአንድ መስመር ይቀርባል፤ መልሱም «አዎ» ወይም «የለም» ነው። «አዎ» ያለ ሰው ዝርዝር እንዲሰጥ ወይም የሐኪም ሪፖርት እንዲያመጣ ይጠየቃል። መዛኙ መልሱን ከድርጅቱ መመሪያ ጋር ያስተያየዋል፤ ጉዳዩ ከበድ ያለ ሲሆን የጠለፋ ዋስትና ሰጪውን፣ ማለትም መድን ሰጪው ራሱ መድን የሚገባበትን ድርጅት ያማክራል። ከዚያ በኋላ ጠያቂው በመደበኛ ዋጋ ሊያዝ ይችላል። ጭማሪ አረቦን ሊጣልበት፣ አንድ ምክንያት ከሽፋን ውጪ ተደርጎ ሊዋዋል፣ ከስድስት ወር ወይም ከዓመት በኋላ ተመለስ ሊባል፣ ወይም ጨርሶ ሊከለከልም ይችላል።

በደንብ የሠለጠነ መዛኝ የሚያየው የሕመሙን ስም ብቻ አይደለም። መቼ ጀመረ? ለምን ያህል ጊዜ ቆየ? ሆስፒታል አስተኝቶ ነበር? መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ይወሰዳል? ሰውየው ሥራውን ይሠራል? አልኮል ወይም ጫት ተደርቦበታል? ራሱን ለመጉዳት ሞክሮ ያውቃል? ከእነዚህ መልሶች የሚወጣው ምስል ከአንድ የሕመም ስም በእጅጉ ይለያል። ለምሳሌ ደባርቅ ላይ የምታስተምር አንዲት መምህርት ከወሊድ በኋላ ድባቴ ይዟት፣ ስድስት ወር ታክማ፣ ከዚያ ወዲህ ለሰባት ዓመት ያለ ችግር ስታስተምር ቆይታ ቢሆን፣ ስጋቷ ከማንኛውም ጎረቤቷ እጅግም አይለይም። ከሁለት ወር በፊት ከሆስፒታል የወጣና መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ግን ለጊዜው ቢዘገይ ምክንያት አለው። ሁለቱን በአንድ «አዎ» ምክንያት እኩል ማየት ምዘና አይባልም።

የመድን ድርጅቶች ጥንቃቄ መሠረት የለውም ማለት ግን አይቻልም። በቡታጅራና አካባቢው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለ10 ዓመት የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። በእነዚህ ሰዎች ላይ ሞት ከቀረው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር ሁለት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል፤ የሞቱትም ከሚጠበቀው ዕድሜ ሦስት አስርት ዓመታት ገደማ ቀድመው ነው። ስኪዞፍሬኒያ፣ ባይፖላርና ከባድ ድባቴ የተጠኑት ሕመሞች ነበሩ። ከጥናቱ ልብ ሊባል የሚገባው ግን የሞቱ ምክንያት ነው፤ ከሞቶቹ ግማሽ ያህሉን ያደረሱት ተላላፊ በሽታዎች ናቸው። ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉ የሞቱት ሌላው ሰው ታክሞ ሊድንባቸው በሚችል በሽታዎች ነው ማለት ነው፤ ከሕመሙ ጀርባ ድህነት፣ ሕክምና ማጣትና መገለል አሉ። ሕክምና የሚከታተል፣ ገቢና ቤተሰብ ያለውን ሰው በዚህ አኃዝ መመዘን ጥናቱን አላግባብ መጠቀም ነው።

ከዚህ አንድ ችግር ይከተላል። ሕመም ኖሮበት ሐኪም ቤት ያልሄደ ሰው ቅጹ ላይ «የለም» ይላል፤ የሚያሳጣው ወረቀትም የለም። ታክሞ የዳነው ግን «አዎ» ብሎ ዋጋ ይጨመርበታል። ምዘናው በጥንቃቄ ካልተሠራ የሚቀጣው የታከመውን ነው፤ ሰውን ከሕክምና ለማራቅም ተጨማሪ ምክንያት ይሆናል።

መፍትሔው ታሪክን መደበቅ አይደለም፤ ሕጉ ለዚህ በር አልከፈተም። በኢትዮጵያ የመድን ውል እስካሁን የሚገዛው በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ሦስተኛ መጽሐፍ ነው፤ አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ይህን ክፍል አልሻረውም። የሕጉ ቁጥር 667 መድን የሚገባ ሰው የሚያውቀውንና መድን ሰጪው ስጋቱን እንዲገምት የሚረዳውን ሁሉ ውሉ ሲደረግ በትክክል እንዲያስታውቅ ያዛል። ቁጥር 668 ደግሞ የመደበቅን ውጤት ይደነግጋል። ሆን ተብሎ የተደበቀ ወይም የተዋሸ ነገር ካለና መድን ሰጪው እውነቱን ቢያውቅ ኖሮ በዚያ ሁኔታ የማይዋዋል ከሆነ፣ ውሉ ፈራሽ ይሆናል፤ የተከፈለውም አረቦን አይመለስም። ስህተቱ ያለ ተንኮል የተፈጸመ ከሆነ ግን ውሉ ይቆያል። ከአደጋው በፊት ሲታወቅ አረቦኑ ሊስተካከል ወይም ውሉ በማስጠንቀቂያ ሊቋረጥ ይችላል፤ ከአደጋው በኋላ ከታወቀ የሚከፈለው ገንዘብ በአረቦኑ ልዩነት መጠን ይቀነሳል። ሆን ብሎ መደበቅ የሚጎዳው ውሸቱን የጻፈውን ሰው አይደለም፤ እሱ ሞቷል። የሚጎዱት ባለቤቱና ልጆቹ ናቸው፤ ለ15 ዓመት የተከፈለ አረቦን ለቀብር ማግስት ሳይደርስላቸው ይቀራል።

ራስን ማጥፋትን በሚመለከት የሕይወት መድን ውሎች በአብዛኛው የመጀመሪያውን አንድ ወይም ሁለት ዓመት ከሽፋን ውጪ ያደርጋሉ። ይህ ለሁሉም መድን ገቢ የሚሠራ አንቀጽ ነው፤ የአእምሮ ሕመም ታሪክ ላለው ሰው ብቻ የተጻፈ አይደለም። ከፊርማ በፊት ጊዜው ስንት እንደሆነ በውሉ ላይ ማንበብ ያስፈልጋል።

የምዘናው ደንብ የተጻፈው ሐኪም ቤትና የሕክምና ካርድ በቅርብ ላለው ሰው ነው። ለምሳሌ ዛሪማ ላይ ነገሩ ይለወጣል። ከተማዋ ከሊማሊሞ ገደል በታች፣ ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በቆላው ትገኛለች፤ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት ለማግኘት ያን ዳገት ወጥቶ፣ ደባርቅንና ዳባትን አልፎ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድረስ መዝለቅ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ቀድሞ የሚሄደው ጸበል ነው። ወራት ጸበል ተጠምቆ የተሻለው ሰው በሽታው ምን ይባል እንደነበር የሚገልጽ ወረቀት አይኖረውም። ቅጹ «በሐኪም ታክመህ ታውቃለህ?» ቢል «የለም» እውነት ነው፤ «የአእምሮ ሕመም ነበረብህ?» ቢል ግን ያው ሰው «አዎ» ማለት ይኖርበታል፤ ሕጉ የሚጠይቀው የሚያውቀውን እንጂ የተጻፈለትን ብቻ አይደለምና። ስለዚህ የጥያቄው ቃል አጻጻፍ ወሳኝ ነው፤ ወኪሉም ቅጹን ራሱ በችኮላ ሊሞላ አይገባም፤ እያንዳንዱን ጥያቄ ለጠያቂው ማንበብ አለበት።

በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት በዚህ መንገድ አልፎ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ደርሷል፤ ብዙ ሰላማዊ ሰዎችም ተገድለዋል። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ያጣ፣ የሚባንን፣ ከሰው የራቀ ሰው በየቀበሌው መኖሩ የሚጠበቅ ነው። እንዲህ ያለ ምልክት ሁሉ ዘላቂ የአእምሮ ሕመም አይደለም፤ የደረሰበት መከራ ያስከተለውና በጊዜና በእርዳታ የሚቀል ሊሆን ይችላል። መዛኝ ይህን ሳይለይ አንድን አካባቢ በሙሉ በጥርጣሬ ቢያይ፣ የተጎዳ ሕዝብ ሁለተኛ ይጎዳል።

ሰው ሲታመም ወይም ሲሞት ቤተሰቡን የሚደግፍ ሥርዓት ሁሉ በምዘና የሚያልፍ አይደለም። ዕድር የጤና ቅጽ የለውም፤ አባል የሆነ ሰው መዋጮውን እስከከፈለ ድረስ ሲሞት ድንኳኑ ይተከላል፣ ገንዘቡም ይሰጣል። ይህ ሊሆን የቻለው ክፍያው ትንሽ፣ አባላቱም የሚተዋወቁ ስለሆኑ ነው፤ ልጅ ለማሳደግ የሚበቃ ገንዘብ ግን ከዕድር አይጠበቅም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲጀመር ቤተሰብን በሙሉ በአንድነት እንዲመዘግብ ተደርጎ ነው፤ የቆየ ሕመም ያለበትን ሰው ከአባልነት አያስቀርም። የመንግሥትና የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታም ለተተኪዎች ሲከፍል የሟቹን የጤና ታሪክ አይመረምርም።

ከንግድ መድን ውስጥ ያለ ምዘና ለሚሠራው ለዚህ አሠራር የሚቀርበው የቡድን የሕይወት መድን ነው። አሠሪው ለሠራተኞቹ በሙሉ በአንድ ውል ይገባል፤ እስከ ተወሰነ መጠን ድረስ እያንዳንዱ ሰው የጤና ጥያቄ ሳይቀርብለት ይሸፈናል። ምክንያቱም ስጋቱ በብዙ ሰው ላይ ተከፋፍሏል፤ ማንም ሰው ታምሜአለሁ ብሎ ለመድኑ ሲል ሥራ አልተቀጠረም። የአእምሮ ሕመም ታሪክ ያለው ሰው በግሉ ከተከለከለ መሥሪያ ቤቱ የቡድን መድን እንዳለው አስቀድሞ ቢጠይቅ ይጠቅመዋል። ሽፋኑ ከሥራው ጋር የሚያበቃ መሆኑን ግን ማወቅ አለበት።

የምዘና ነጻነት ወሰን አለው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 1 ዘላቂ የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች ከአካል ጉዳተኞች ጋር ይቆጥራል፤ አንቀጽ 25 በጤናና በሕይወት መድን አድልዎን ይከለክላል፤ መድኑ በፍትሐዊና ምክንያታዊ መንገድ እንዲሰጥም ይጠይቃል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት አንድ የዳኝነት አካል እ.ኤ.አ. በ2015 ተመሳሳይ ጉዳይ አይቷል። አንዲት ተማሪ በድባቴ ምክንያት ጉዞዋን ሰርዛ የጉዞ መድኗን ጠየቀች፤ ድርጅቱ የአእምሮ ሕመም ከሽፋን ውጪ ነው አላት። ድርጅቱ ያን ገደብ የሚደግፍ በቂ የአኃዝ ማስረጃ ማቅረብ ስላልቻለ ተሸንፎ ካሳ እንዲከፍል ተወስኖበታል። የብሪታንያው የ2010 የእኩልነት ሕግም መድን ሰጪ በአካል ጉዳት ምክንያት የተለየ ዋጋ የሚጠይቀው አግባብነት ባለው ታማኝ መረጃ ተደግፎ ሲሆን ብቻ እንዲሆን ያዛል።

ስለዚህ መድን ለመግባት የሚያስብና የአእምሮ ሕመም ታሪክ ያለው ሰው፣ ቅጹን ከመሙላቱ በፊት ሕክምናውን ከሚከታተልበት ሐኪም የአሁኑን ሁኔታ የሚገልጽ ደብዳቤ ይያዝ፤ የሞላውን ቅጽ ቅጂ ያስቀምጥ፤ ከተከለከለ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ በኋላ ተመለስ ከተባለ መቼ ተመልሶ መጠየቅ እንደሚችል እንዲያስረዱት ይጠይቅ። ድርጅቶችም ቅጻቸው ላይ ካለው አንድ መስመር ጥያቄ ይልቅ ስለ ሕክምናውና ስለ አሁኑ ሁኔታ የሚጠይቅ ዝርዝር ቢያዘጋጁ፣ የከለከሉትንም ሰው የሚከለክሉት በሕመሙ ስም ሳይሆን በማስረጃ ብቻ ቢሆን፣ ሕጉ የሚጠይቀውን ፈጽመዋል ማለት ነው።