ስምና መዝገብ፤ የመታወቂያ ወረቀትና የመንግሥት ሥልጣን ወሰን ከዲመካ አንጻር ሲመረመር

በደቡብ ኦሞ የሐመር ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በዲመካ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይቆማል። ሐመሩ፥ በናው፥ ካራው፥ እንዲሁም ከጂንካና ከሌላው ደጋ አገር የመጣው ነጋዴ በዚያ ይገናኛሉ። በዚህ ገበያ ፍየል የሚሸጥ ሰው ማንነቱን የሚያስረዳ ወረቀት አያስፈልገውም፤ የማን ልጅ እንደ ሆነ፥ ከየትኛው ጎሣ እንደ ተወለደ፥ ከብት ዘሎ እንደ ሆነ ወይም ገና እንዳልዘለለ የሚያውቁ ብዙ ምስክሮች አሉትና። ይኸው ሰው የሸጠበትን ገንዘብ በባንክ ለማስቀመጥ ባሰበ ጊዜ ግን የገበያው ምስክርነት ይቀርና ወረቀት ይጠየቃል። እነዚህ ሁለት የማወቅ መንገዶች የተለያዩ ናቸው፤ ልዩነታቸውም የባህል ብቻ ሳይሆን የሕግ ጉዳይ ነው።

በአማራው አገር «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። በሐመር ደግሞ አንድ ሰው ከአንድ የበለጠ ስም ሊኖረው ይችላል፤ በልደቱ ጊዜ የወጣለት ስም አለ፤ ከጎለመሰ በኋላም በሚወደው ከብት መልክ ይጠራል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆኑት፥ የዣን ሊዳልና የኢቮ ሽትሬከር የሐመር ጥናት በቃላቸው የተመሠረተባቸው ባላምባራስ አይኬ በሪናስ ናቸው። እኒህ ሰው በመንግሥት ዘንድ በዚህ ማዕረግና ስም ቢታወቁም የአገራቸው ሰው የሚጠራቸው ባልዳምቤ እያለ ነበር፤ ትርጓሜውም የቡናማዪቱ ላም አባት ማለት ነው። እ. ኤ. አ. በ1979 የታተመው የጥናቱ ሁለተኛ መጽሐፍም በዚሁ የከብት ስም ተሰይሟል። ከስሞቹ አንዱም ሐሰት አይደለም፤ እያንዳንዱ በጠሪውና በተጠሪው መካከል ያለውን ዝምድና ይገልጣል። መዝገብ ግን ከእነዚህ አንዱን ብቻ መርጦ ይጽፋል።

ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ መንግሥት ይህን አገር ያወቀው በአገረ ገዥውና በባላባቱ አማካይነት ነበር። ግብሩን የሚሰበስበውና ስለ ሕዝቡ የሚጠየቀው ሹሙ ስለ ሆነ እያንዳንዱ ሰው በስሙ በማዕከል መዝገብ አልሰፈረም። በዚህ ምክንያት በኢትዮጵያ የሕጉ ጥበቃ ከመዝገቡ ቀድሞ መጣ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ. ም. የተሰጠው ሕገ መንግሥት ሕግ ከሚፈቅደው በቀር የተገዢው ቤት እንዳይበረበር፥ የሚጻጻፈውም ደብዳቤ ምስጢር እንዳይደፈር ደነገገ፤ ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ. ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም በአገር ውስጥ የመዘዋወርንና መኖሪያን የመለወጥን ነጻነት አረጋገጠ። እርግጥ ነው፥ በሁለቱም ዘንድ «በሕግ መሠረት» የሚለው ቃል ወሰኑን ለሕግ አውጪው ፈቃድ ይተወው ነበር።

ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመው በ1952 ዓ. ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕጉ ሰው ያለ ፈቃዱ ፎቶግራፉ እንዳይለጠፍ፥ ቤቱና ደብዳቤው እንዳይደፈር ጠበቀ፤ እንዲሁም ማንኛውም ሰው የቤተ ዘመድ ስም፥ የግል ስምና የአባት ስም እንዲኖረው አዘዘ፤ ልደትን፥ ጋብቻንና ሞትን የሚመዘግብ የክብር መዝገብም አቋቋመ። ነገር ግን በ3361ኛው ቁጥር የክብር መዝገቡ ድንጋጌ በነጋሪት ጋዜጣ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ እንዳይሠራበት ተደረገ፤ ያም ትእዛዝ ሳይወጣ ከኀምሳ ዓመት በላይ አለፈ። የቤተ ዘመድ ስምም በሕዝቡ ዘንድ ሥር ሳይሰድ ቀረ፤ ሰው በራሱና በአባቱ ስም መጠራቱን አልተወም።

መዝገቡ ሳይከፈት መታወቂያው ወጣ። በ1967 ዓ. ም. የገጠርና የከተማ መሬት አዋጆች የገበሬ ማኅበራትንና የከተማ ቀበሌዎችን ካቋቋሙ በኋላ ቀበሌው ቤትን የሚያድል፥ ነዋሪን የሚመዘግብና መታወቂያ የሚሰጥ ባለሥልጣን ሆነ። ይኸው ቀበሌ በ1969 እና በ1970 ዓ. ም. የቤት ለቤት አሰሳ መሣሪያ በሆነ ጊዜ፥ ለዕለት ጉዳይ የተሰበሰበ ዕውቀት ለሌላ ነገር ሊውል እንደሚችል በግልጽ ታየ። ከ1983 ዓ. ም. በኋላ ደግሞ በብዙ ሥፍራ መታወቂያው የባለቤቱን ብሔር ይጠይቅ ጀመር። ሐመር፥ በናና በሻዳ በቋንቋና በልማድ እጅግ የተቀራረቡ ሲሆኑ፥ በሐመር ወረዳ ውስጥም ካራና ኤርቦሬ ይኖራሉ፤ ሰው በገበያ ላይ እንደ ነገሩ ሁኔታ የሚያስረዳው ዝምድና በወረቀቱ ላይ አንድ የማይለወጥ ቃል ሆነ።

እንዲህ ያለው ቃል ምን ሊያስከትል እንደሚችል የጎረቤት አገሮች ታሪክ ያስረዳል። ከቱርካና ሐይቅ በስተደቡብ፥ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችው በኬንያ፥ እ. ኤ. አ. በ1915 በወጣ ሕግ መሠረት አፍሪካዊ ወንድ ሁሉ ኪፓንዴ የተባለውን የጣት አሻራና የአሠሪ ስም የሰፈረበትን ወረቀት እንዲይዝ ይገደድ ነበር፤ በብረት ማኅደርም አድርጎ በአንገቱ ያንጠለጥለው ነበር። በሩዋንዳም ቤልጂጎች እ. ኤ. አ. በ1930ዎቹ ሁቱ፥ ቱትሲና ትዋ እያሉ ያወጡት መታወቂያ ከስድሳ ዓመት በኋላ፥ በ1994፥ በመንገድ ኬላ ላይ የሚሞተውን ከሚተርፈው መለያ ሆነ። ወረቀቱን ያወጡት ሰዎች ያንን አላሰቡ ይሆናል፤ የተጻፈ ነገር ግን ከጻፈው ሐሳብ በላይ ዕድሜ አለው።

በ1987 ዓ. ም. የጸናው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ቁጥር 26 ለዚህ ነገር መመዘኛ ያቀርባል። የግል ሕይወት የተከበረ መሆኑን ከተናገረ በኋላ፥ ባለሥልጣን ይህን መብት ሊገድብ የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና የብሔራዊ ደኅንነትን፥ የሕዝብ ሰላምን፥ ወንጀል መከላከልን፥ ጤናን፥ ሞራልን ወይም የሌሎችን መብት ለመጠበቅ በወጣ ዝርዝር ሕግ ብቻ ነው ይላል። የ1923ቱና የ1948ቱ ሕጎች «በሕግ መሠረት» ብለው የተዉትን በር ይህ ቁጥር አጥብቦታል፤ ሕግ መኖሩ ብቻ አይበቃም፥ የሕጉ ምክንያትም ይመረመራል።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ. ም. ወጥቶ ምዝገባው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ. ም. ተጀመረ። በ2015 ዓ. ም. የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ተከተለ። ፋይዳ የተባለው ይህ መታወቂያ ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ሲሆን የጣት አሻራን፥ የዐይንንና የፊትን ምስል ይመዘግባል፤ ብሔርን ግን አይጠይቅም፤ ይህም ከቀበሌው ወረቀት የሚለይበት መልካም ጎኑ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የወጣው በ2016 ዓ. ም. ስለ ሆነ፥ በዚህም ጊዜ መዝገቡ ጥበቃውን ቀደመው። በኬንያ ግን ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ. ኤ. አ. በ2020 በተመሳሳይ መዝገብ ላይ በሰጠው ፍርድ የዘረ መልና የመኖሪያ ቦታ የጂፒኤስ ምልክት እንዳይሰበሰብ ከልክሏል።

የፋይዳ ምዝገባ በፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነው ይባላል። ዳሩ ግን በ2017 ዓ. ም. በአዲስ አበባ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ ግዴታ ሆነ። እንዲህ ያለው ግዴታ ለዲመካው ከብት አርቢ ሁለት ፊት አለው። መታወቂያ ከሌለው ከባንክና ከመሳሰለው አገልግሎት ውጪ ይቀራል፤ ስለዚህ ወረቀቱ ለእርሱ ጌጥ ሳይሆን መብት ነው። በሌላ በኩል አገልግሎቱ ሁሉ በቁጥሩ ላይ ከተንጠለጠለ እምቢ ለማለት ያለው ነጻነት በቃል ብቻ ይቀራል።

ስለዚህ የሕገ መንግሥቱ ወሰን የሚፈተነው መታወቂያ ይኑር ወይስ አይኑር በሚለው ክርክር ሳይሆን በመዝገቡ በእያንዳንዱ ዓምድ ነው፤ ጥያቄው ለምን ተጠየቀ፥ መልሱን ማን ያየዋል፥ ያልመለሰውስ ምን ይቀርበታል? በዲመካ ገበያ ሻጩን የሚያውቀው ገዢ ራሱም በሻጩ ዘንድ የታወቀ ነው፤ ዕውቀቱ የጋራ ስለ ሆነ አንዱ በሌላው ላይ አይሠለጥንበትም። መዝገብ ይህን ሚዛን ያፈርሰዋል፤ የተጻፈው ሰው ጸሓፊውን አያውቀውምና። ባለ መዝገቡ ስለ እርሱ የተጻፈውን እንዲያይ፥ የተሳሳተውን እንዲያሳርምና ማን እንደ ተመለከተው እንዲጠይቅ ሲፈቀድለት ሚዛኑ በከፊል ይመለሳል። ባልዳምቤ የሚለው ስም በመዝገብ ባይሰፍርም ጉዳት የለውም፤ ጉዳት የሚሆነው አይኬ በሪናስ ተብሎ የተጻፈው ሰው ስሙ የት እንደ ደረሰ ሳያውቅ የቀረ እንደ ሆነ ነው።