ከጋራዥ እስከ ጨው ሜዳ

በምድር ላይ ከሁሉ የፈጠነ መኪና ለመሥራት ታላቅ ፋብሪካ፣ ብዙ ባለሙያና ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል የሚለው አስተያየት ለረጅም ጊዜ እንደማያከራክር እውነት ሲቆጠር ኖሯል። የፍጥነት ክብረ ወሰን ታሪክም በብዙ ረገድ ይህንኑ የሚመሰክር ይመስላል። እንግሊዛዊው ጆን ኮብ በ1947 በሰዓት 634.4 ኪሎ ሜትር ሲያስመዘግብ መኪናው የምትንቀሳቀሰው በሁለት ታላላቅ የአውሮፕላን ሞተሮች ነበር። የአገሩ ልጅ ዶናልድ ካምቤልም በ1964 በአውስትራሊያ፣ በኤር ሐይቅ ደረቅ ወለል ላይ፣ 648.7 ኪሎ ሜትር የደረሰው በጋዝ ተርባይን በምትነዳ መኪና ሲሆን፣ ከጀርባው በርካታ ኩባንያዎች ተሰልፈው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሆኖም አሥራ ስድስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ኃይላቸውን በመንኮራኩር በኩል ወደ መሬት ለሚያስተላልፉ መኪናዎች የተያዘውን ይህን ክብረ ወሰን የነጠቁት የታላቅ ፋብሪካ መሐንዲሶች አልነበሩም። በካሊፎርኒያ፣ ኦንታሪዮ በተባለች ከተማ፣ ቀድሞ አትክልት ይሸጥበት በነበረ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች እዚያ እንዴት ደረሱ? አንድ ትንሽ ጋራዥ ምን ማድረግ ይችላል? ምንስ አይችልም? በዚህች አጭር ጽሑፍ ለሥራ ባልደረቦቼ ለማቅረብ የምሞክረው ይህንኑ ነው።

የነገሩ መነሻ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ነው። በደቡብ ካሊፎርኒያ የሚኖሩ ወጣቶች አሮጌ መኪናዎችን እየገዙ፣ ትርፍ ክብደታቸውን እየቀነሱና ሞተራቸውን እያሻሻሉ በደረቁ የሐይቅ ወለሎች ላይ ይወዳደሩ ነበር። በ1937 የደቡብ ካሊፎርኒያ የሰዓት መዝጋቢዎች ማኅበር ሲመሠረት ውድድሩ ደንብና አስተማማኝ መለኪያ አገኘ። ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ቢል በርክ የተባለ ሰው የተዋጊ አውሮፕላኖች ትርፍ ቤንዚን ይይዙበት የነበረውን ተነቃይ ታንክ ገዝቶ የመኪና አካል አደረገው። ታንኩ በጠብታ ቅርጽ የተሠራ፣ አየርን በቀላሉ ሰንጥቆ የሚያልፍ ነበር። በርክ ለቅርጹ ጥናት አንድ ሳንቲም ሳያወጣ፣ የአውሮፕላን መሐንዲሶች አስቀድመው የደከሙበትን ሥራ በርካሽ ዋጋ አገኘ ማለት ነው።

የዚህ ምርጫ ጥበብ በቀላል ሒሳብ ይገለጣል። አየርን ለመግፋት የሚያስፈልገው ጉልበት ከፍጥነቱ ኩብ ጋር አብሮ ያድጋል። ስለሆነም በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 600 እንዲሄድ ቢፈለግ፣ ቅርጹ ሳይለወጥ፣ ለአየሩ ብቻ ስምንት እጥፍ ጉልበት ይጠየቃል። ባለ ፋብሪካው ስምንቱን እጥፍ በገንዘቡ ሊገዛ ይችላል። ባለ ጋራዡ ግን ያለው አማራጭ አየሩን የሚጋፈጠውን የመኪናውን ፊት ማጥበብ ነው።

በ1949 ውድድሩ በዩታ ግዛት ወደሚገኘው ወደ ቦንቪል የጨው ሜዳ ተሻገረ። ይህ ሜዳ የጥንት ታላቅ ሐይቅ ደርቆ የተወው ሲሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ከሞተር ጋር የሚታገል ባልደረባችን ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ቀጭን አየር መኪናውን የሚገታበት ኃይል አነስተኛ ቢሆንም የሞተሩንም ጉልበት ይቀንሳል። በአንድ እጅ የሰጠውን በሌላው ይወስዳል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ሚኪ ቶምሰን ነው። ቶምሰን ሌሊት በአንድ የጋዜጣ ማተሚያ ቤት እየሠራ፣ በቀረው ጊዜ በካሊፎርኒያ ኤል ሞንቴ በሚገኘው ጋራዡ ውስጥ ቻሌንጀር የተባለችውን መኪና ሠራ። አራት የፖንቲያክ ሞተሮች ሁለት ሁለት ሆነው ጎን ለጎን ተደረደሩ፤ ካምቢዮዎቹም በ1930ዎቹ ከተሠሩ አሮጌ መኪናዎች የተገኙ ነበሩ። በሴፕቴምበር 9 ቀን 1960 በአንድ አቅጣጫ ባደረገው ሩጫ በሰዓት 654.4 ኪሎ ሜትር ሄደ። ይህም ከኮብ ውጤት የሚበልጥ ነበር። ነገር ግን ዓለም አቀፉ ደንብ መኪናው በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ተመልሶ በተቃራኒው አቅጣጫ እንዲሮጥና የሁለቱ ሩጫዎች አማካይ እንዲያዝ ያዛል። በመልሱ ሩጫ ኃይልን ወደ መንኮራኩር የሚያስተላልፈው ዘንግ ተሰበረ። የተሰበረው አንድ ዘንግ ነው፤ የታጣው ግን የዓለም ክብረ ወሰን ነው።

ይህ ደንብ ለውድድር ብቻ የወጣ ቢመስልም፣ በእኔ አስተያየት የምህንድስና ሙያ ዋና ሕግ ነው። አንድ መሣሪያ አንድ ጊዜ መሥራቱ ዕድል ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛ ጊዜ ከሠራ ግን ሥራው በትክክል ተሠርቷል ማለት ነው።

የሚከፈለው ዋጋም ሁልጊዜ በዘንግ ስብራት ብቻ አይቆምም ነበር። ከቶምሰን ሩጫ አርባ ቀን እንኳ ሳይሞላ ቀደም ብሎ፣ በኦገስት 1 ቀን 1960፣ የሶልት ሌክ ሲቲው ጋራዥ ባለቤት አቶል ግራም፣ በአውሮፕላን ሞተር የምትነዳ በራሱ እጅ የሠራትን መኪና ሲያስሮጥ በዚያው ጨው ላይ ሕይወቱ አለፈ። ስለ ጋራዥ ጀግንነት የሚጻፍ ማንኛውም ታሪክ ይህን ሰው ዘሎ ማለፍ የለበትም። በእጅ የተሠራ ነገር ሁሉ በፍቅር የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ፍቅር ግን የጥንካሬ ሒሳብን አይተካም።

ቦብና ቢል ሰመርስ የተባሉት ወንድማማቾች ጎልደንሮድን በ1965 ሲሠሩ ከቀደሟቸው ሰዎች ብዙ ተምረው ነበር። እንደ ቶምሰን አራት ሞተሮች ተጠቀሙ፤ ሆኖም ጎን ለጎን በመደርደር ፈንታ አራቱን በአንድ መስመር ተራ በተራ አስቀመጧቸው። በዚህም መኪናዋ 9.75 ሜትር ያህል ረዘመች፤ አየሩን የሚጋፈጠው ፊቷ ግን ከአንድ ካሬ ሜትር በታች ሆነ። በሞተሮቹ ላይ አየር መጭመቂያ አልጨመሩም። ስለዚህ ከፍታው ከጉልበታቸው የሚወስደውን እያወቁ ተቀበሉት፤ በለውጡም የሞተሮቹ ቁመት ዝቅ አለ፣ ሊበላሽ የሚችለውም ዕቃ ቁጥር ቀነሰ። አራቱም መንኮራኩሮች ይነዱ ነበር። በኖቬምበር 12 ቀን 1965 ቦብ ሰመርስ መኪናዋን እየነዳ ሄዶ ተመለሰ፤ አማካዩም በሰዓት 658.7 ኪሎ ሜትር ሆነ። አንዱን ማይል ለማለፍ የወሰደበት 8.8 ሴኮንድ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። የሞተሮቹ ሠሪ የክራይስለር ኩባንያ፣ የጎማዎቹ ሠሪ ፋየርስቶን ነበር፤ የመኪናዋ ቅርጽም በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም የንፋስ መፈተኛ ዋሻ ተፈትኗል። ታዲያ ጎልደንሮድ የጋራዥ ሥራ ናት ልንል እንችላለን? መልሱ አዎን ነው፤ ምክንያቱም የጋራዡ ሠሪ ዋና ብልኀት ሊሠራው የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ ማወቁ ነው። ጎማውን ብቻ እንውሰድ። ራዲየሱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጎማ በዚያ ፍጥነት ሲሽከረከር፣ በዳርቻው ላይ ያለ አንድ ግራም ጎማ ከ11 ኪሎ ግራም በላይ ክብደት እንዳለው ሆኖ ወደ ውጭ ይሳባል። ይህን የሚችል ጎማ በቶርኖና በብየዳ አይሠራም። ወንድማማቾቹ ይህን ከሚችሉት ተቀበሉ፤ ሻንሲውን፣ የሞተሮቹን ቅንጅትና የሁሉንም ነገር ቦታ መወሰን ግን የራሳቸው ሥራ አደረጉት። ሐሳቡና ኃላፊነቱ የእነርሱ ነበር።

በዚያው ወር በጄት ኃይል የሚገፉ መኪናዎች በሰዓት ከ960 ኪሎ ሜትር በላይ ደርሰው ስለነበረ፣ የጎልደንሮድ ሥራ ገና ሲወለድ ያረጀ የመሰላቸው ብዙዎች ነበሩ። የጄት መኪና ግን መንኮራኩሮቹ ተሸካሚዎች እንጂ ገፊዎች አይደሉም። ጉልበትን በጎማ በኩል፣ ያውም በሚያንሸራትት ጨው ላይ፣ ወደ መሬት ማስተላለፍ የራሱ የሆነ የተለየ ጥያቄ ነው። የጎልደንሮድ ውጤት ለፒስቶን ሞተር መኪናዎች ከ25 ዓመት በላይ ሳይነካ መቆየቱ የጥያቄውን ክብደት ያሳያል።

ክብረ ወሰኑን በመጨረሻ በ1991 ያሻሻለው አል ቲግ የተባለ ካሊፎርኒያዊ ነው። መኪናውን የሠራው በቤቱ ሲሆን፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በየዓመቱ እየነዳ፣ የተበላሸውን እየለወጠና ቅርጿን እያሻሻለ ያሳደጋት ናት። በኦገስት 21 ቀን በሰዓት 659.8 ኪሎ ሜትር አስመዘገበ። ብልጫው ከ1 ኪሎ ሜትር ጥቂት ያለፈ ብቻ ነው። ነገር ግን ሰመርሶች በአራት ሞተሮች የሠሩትን ቲግ አየር መጭመቂያ በተገጠመለት በአንድ ሞተር ሠራው። በዚህ ረገድ ሲታይ የጋራዡ ታሪክ የመጨመር ሳይሆን የመቀነስ ታሪክ ነው፤ በ1960 አራት ሞተሮች ጎን ለጎን፣ በ1965 አራት ሞተሮች በአንድ መስመር፣ በ1991 አንድ ሞተር ብቻ።

ቶምሰንም በበኩሉ በ1968 ቻሌንጀር 2 የተባለች ሌላ መኪና ሠርቶ ነበር፤ ዝናብ ጨዉን ስላበላሸው ክብረ ወሰን ሳይሞክርባት ቀረች። ልጁ ዳኒ ቶምሰን ይህችኑ መኪና አውጥቶ፣ አድሶና አዳዲስ ሞተሮች ገጥሞ በኦገስት 2018 በቦንቪል በሁለት ቀናት ሁለት ሩጫዎች አደረገ። አማካዩ በሰዓት 722.2 ኪሎ ሜትር ሆነ። አባት በዘንግ ስብራት ያጣውን የመልስ ሩጫ ልጅ ከ58 ዓመት በኋላ አከናወነው።

ከእነዚህ ሰዎች መካከል ሀብቱ የበዛለት ወይም ጊዜው የተረፈው አልነበረም። የነበራቸው ነገር ጥቂት በመሆኑ፣ ያንን ጥቂት በየትኛው ቦታ ማዋል እንደሚገባ አጥብቀው እንዲያስቡ ተገደዱ። ማጣት በራሱ ብልኀትን አይወልድም፤ የግራም ሞት ለዚህ ምስክር ነው። ማጣት ከትክክለኛ ሒሳብና ከትዕግሥት ጋር ሲገናኝ ግን፣ የአትክልት መሸጫ ቤት ታላላቅ ፋብሪካዎችን ሊቀድም እንደሚችል የቦንቪል ጨው አሳይቷል። ጎልደንሮድ ዛሬ በሚሺገን ግዛት፣ ዲርቦርን በሚገኘው የሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ትገኛለች።