ከሬሳ የተገኘው መድኃኒት
በየክፍላችን ፊተኛው ወንበር ላይ የምናስቀምጠው አጭር ተማሪ ሁሉ ሕመምተኛ አይደለም። ጥቂቶች ግን ከአንጎል ሥር ያለችው የፒቱታሪ ዕጢ በቂ የእድገት ሆርሞን ስለማታመነጭላቸው ቁመታቸው ይገታል። የከብት ሆርሞን ተሞክሮ ለሰው አልሠራም። እ.ኤ.አ. በ1958 ዶክተር ሞሪስ ሬበን የተባሉ አሜሪካዊ ከሰው ሬሳ ዕጢ የወጣ ሆርሞን የተወጋ አንድ የ17 ዓመት ልጅ ቁመት መጨመሩን አስታወቁ። በ1963 ዕጢ የሚሰበስብ ድርጅት በዚያው አገር ተቋቋመ። ይሁን እንጂ የብዙ ሬሳ ዕጢ ባንድነት ይጨመቅ ስለነበር የአንዱ ደዌ ለሌላው ይተርፍ ነበር። በ1985 መርፌውን የወሰዱ ወጣቶች ክሮይትስፌልት-ያኮብ በተባለው አንጎል አጥፊ በሽታ መሞታቸው ታወቀና ሥርጭቱ ቆመ። በዚያው ዓመት በባክቴሪያ የሚሠራው ሆርሞን ተፈቀደ፤ እኛም በክፍል የምናስተምረው ይህንኑ ድል ብቻ ነው። በሽታው ግን ለብዙ ዓመታት ተደብቆ ይቆያል፤ በፈረንሳይ ብቻ አስቀድሞ ከተወጉት ከ100 በላይ ሞተዋል።